ኪሳችሁን አራግፉ፦ ስለ ዳክዬ አደን የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሚኒሶታ ውስጥ የዳክዬ አደን የሚከፈተው ሴፕቴምበር ማብቂያ ላይ ነው። ስልኩ ግን ከኦገስት ጀምሮ አያርፍም። የአደን አሠልጣኛችን የዛሬዎቹን ጥያቄዎች እንዲህ መለሱ።

ጋሼ፣ ለጀማሪ ባለ 12 ሾትገን ይሻላል ወይስ ባለ 20?

ባለ 12። ቁጥሩ የአፈሙዙ ስፋት ነው፤ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል። የባለ 12 ጥይት የትም አይጠፋም። ርግጫው ከከበደህ ባለ 20ም ዳክዬ ይጥላል። ውድ አትግዛ፣ ፓምፕ (በእጅ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየሳብክ የምታጎርሰው) ይበቃሃል። ግን ሱቅ ውስጥ ትከሻህ ላይ አድርገህ ሞክረው። ጉንጭህ ሰደፉ ላይ ደልቶት ካላረፈ ተወው።

ስንት ጥይት ልጉረስ?

ሦስት። ሕግ ነው። ካዝናው ውስጥ ያለውን መወተፊያ እንዳታወጣው።

አጎቴ የእርሳስ ጥይት ሰጥቶኛል፤ ለዳክዬ ይሆናል?

አይሆንም። ከ1991 ጀምሮ በመላ አሜሪካ ክልክል ነው። ዳክዬ ጠጠር እየለቀመች ትውጣለች፤ እርሳሱንም አብራ ትውጥና ትመረዛለች። አደን ላይ ሳለህ ኪስህ ውስጥ መገኘቱ ራሱ ያስቀጣል። ስለዚህ ከቤት ሳትወጣ ኪስህን አራግፍ! የብረት ፍሬ ያለው፣ ርዝመቱ 3 ኢንች የሆነ፣ የፍሬው ቁጥር 2 ወይም 4 የሆነ ጥይት ግዛ። ቁጥሩ ሲያድግ ፍሬው እንደሚያንስ አትርሳ። ብረት ከእርሳስ ይቀላል፣ ቶሎ ይደክማል፤ ከ35 ያርድ በላይ አትተኩስ።

እኔ ባለ 12፣ ባለቤቴ ባለ 20 ይዘን እንወጣለን። ጥይቱን በአንድ ቦርሳ ብንይዘው ምን አለበት?

ወይ ጉድ! በየዓመቱ የምጮኸው ለዚህ ነው። ስማኝ። ገና አልነጋም፣ ጣትህ ደንዝዟል፣ ዳክዬዎቹ መጡ። እጅህን ከተትክና የእሷን ጥይት አወጣህ። ቀጭን ስለሆነ የአንተ አፈሙዝ ውስጥ ሾልኮ ገብቶ እዚያው ይቀረቀራል። ምላጩን ስትስብ "ቀጭ" ብሎ ዝም። ያላጎረስክ ይመስልሃል። ባለ 12 ትጨምርና ትተኩሳለህ። አፈሙዙ ግራ እጅህ ሥር ይፈነዳል። ጣት ነው የሚሄደው፣ ዓይን ነው የሚሄደው። የባለ 20 ቀለሃ ቢጫ የሚደረገው ለዚሁ ነው፤ በጨለማ ግን ማን ቀለም ያያል? ቦርሳችሁን ለዩ። ኪሳችሁን አራግፉ። ጠመንጃው "ቀጭ" ብሎ ከቀረ አፈሙዙን ወደ ሰው ሳታዞር 30 ሴኮንድ ጠብቅ። ከዚያ ባዶ አድርገህ ውስጡን እይ። ጭቃና በረዶም እንደዚያው ይደፍነዋል። "እኔ እኮ እጠነቀቃለሁ" እንዳትለኝ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።

የድሮ ባለ ሁለት አፈሙዝ አለኝ። የብረት ጥይት ይችላል?

በስልክ አይታይም። ጠመንጃ ጠጋኝ ዘንድ ውሰደው። እስከዚያ አትተኩስበት።

ዳክዬ ይበላል ወይ?

ይህን የንስሐ አባትህን ጠይቅ።

ወረቀቱስ?

የአደን ፈቃድና የ25 ዶላሩ የፌዴራል የዳክዬ ቴምብር፤ ስቴቱ የሚጠይቀውን ሌላውን ሱቁ ይነግርሃል። ከ1979 በኋላ የተወለድክ ከሆነ ሥልጠናም አለብህ።

እኔ እዚህ ያለሁት በተማሪ ቪዛ ነው። ጠመንጃ መግዛት እችላለሁ?

የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር። በዚህ ቀልድ የለም። መልሱን እስክታገኝ የጓደኛህንም ጠመንጃ አትንካ።