መቀነቱን ጠብቁት

እንደምን ዋላችሁ? እንኳን ደህና መጣችሁ።

ኢምፕላንት፣ ማለትም በወለቀ ጥርስ ቦታ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ የታይታኒየም ብሎን፣ ያስተከለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ብሎኑ ነው። «ይወልቃል እንዴ ዶክተር?» ይለኛል። ስለ ድዱ የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። እኔ ደግሞ ዛሬ የመጣሁት ስለ ድዱ ላወራ ነው።

አጥንቱስ ብዙ አያስቸግርም። ስዊድናዊው ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ ታይታኒየም ከሕያው አጥንት ጋር እንደሚዋሃድ ደረሰበት፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የመጀመሪያውን ታካሚ አከመ። ድድ ግን ሌላ ጸባይ አለው።

የጠፍር አልጋ ታስታውሳላችሁ? ጠፍሩ የሚወጠረው በእንጨቱ ቀዳዳ ገብቶ ነው። የተፈጥሮ ጥርስም እንዲሁ ነው። የድዱ ክሮች የጥርሱን ሥር በለበሰው ስስ ሽፋን ውስጥ ዘልቀው ይተከላሉ። ታይታኒየም ይህ ሽፋን የለውም። ክሮቹ መግቢያ ሲያጡ ወይ ዙሪያውን ይጠመጠማሉ፣ ወይ ጎን ለጎን ይወርዳሉ። መቀነት በሉት። ወገብን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፤ የተሰፋ ግን አይደለም።

ከመቀነቱ በላይ ያለው ስስ የድድ ቆዳ ብረቱ ላይ ይለጠፋል። ሁለቱ ሲደመሩ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ማኅተም ይሆናሉ። ማኅተሙ እስኪጠነክር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ከብሎኑ ላይ የሚታሰረውን የላይኛውን ክፍል ደጋግሞ መፍታትና ማሰር ይረብሸዋል። እኛ ሐኪሞችም «እስቲ አንዴ ልየው» ማለት ብንቀንስ ጥሩ ነው።

ጥርስን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት በደም ሥር የተሞላ ነው፤ ለድዱም ያካፍላል። ኢምፕላንት ይህ ጅማት የለውም። ስለዚህ በዙሪያው የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ መከላከሉም ይደክማል። ክፋቱ ደግሞ ድዱ ሲቆጣ ብዙ ጊዜ አያምም።

እና ስትቦርሹ ደም ካያችሁ «ብሩሹ ወግቶኝ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ኑና አሳዩን። ብግነቱ (መቆጣቱ) ድዱ ላይ ብቻ ከሆነ በጽዳት ይመለሳል። አጥንቱን መብላት ከጀመረ በኋላ ግን የጠፋውን መመለስ ከባድ ነው።

ድዱና ብረቱ የሚገናኙበትን መስመር በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ አጽዱ። ለጥርሶቹ መሃል ትንሿን ብሩሽ ተጠቀሙ። ሲጋራ ለድዱም ለአጥንቱም ጠላት ነው። ስቴኪኒውን ደግሞ እዚያ ጋ እባካችሁ ተዉት። ከክትፎ በኋላ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ ግን ተዉት።

ትንንሾቹ ብሩሾች በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። መጠናቸው ይለያያል፤ ከመውሰዳችሁ በፊት የሚሆናችሁን ጠይቁን። አመሰግናለሁ።