ሐይቃችን ተደፈነ፤ ከዚያስ?

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። አዎ፣ ቀይዋ መብራት በርታለች።

ከኋላዬ የምትሰሙት ጩኸት ዝናብ አይደለም፣ ሲኖትራክ ነው። መስኮቱ ከዚህ በላይ አይዘጋም፣ ታውቁታላችሁ። ዛሬ የአንኮበሩን ነገር እጨርስላችኋለሁ ብዬ ነበር፤ ይቆየን። ሌላ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎኛል፣ ካልተነፈስኩት ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሐይቁ ተደፈነ።

አዎ፣ ያ ሐይቅ፤ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ዋናው መንገድ ላይ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ውሃ ያቁር የነበረው ጉድጓድ። ክረምት በመጣ ቁጥር «ሐይቁ ሞላ ወይ?» እያላችሁ መልእክት የምትልኩልኝ ሁሉ፣ ከእንግዲህ ሌላ ሰላምታ ፈልጉ። ባለጋሪው ፈረሱን ውሃ ያጠጣበት፣ ባለባጃጆቹ «ዓሣ ጀመረ ወይ?» የሚባባሉበት ሐይቅ የለም። አስፋልት ሆኗል።

ሥራው ደግሞ ጥሩ ሥራ ነው። ይሄን በደንብ መናገር እፈልጋለሁ፤ መጥፎውን ስናወራ ከርመን ጥሩ ሲሠራ ዝም ማለት ደስ አይለኝም። የአምናውን ታስታውሳላችሁ፤ ገረጋንቲ ገልብጠው፣ በአካፋ ደልድለው ሄዱ፣ የመጀመሪያው ዶፍ ጠራርጎ ቱቦ ውስጥ ከተተው፣ ቱቦው ተደፈነ፣ ሐይቁ ሰፋ። ዘንድሮ ግን ቆሜ አይቻቸዋለሁ። ጠርዙን በማሽን አራት ማዕዘን አድርገው ቆረጡት። ከሥር ያለውን ጭቃ ዝቀው ዝቀው ጠንካራው መሬት ጋ ደረሱ። ገረጋንቲውንም በአንዴ አልሞሉትም፤ ስስ አድርገው ያነጥፋሉ፣ ውሃ ያርከፈክፋሉ፣ ሮለሩ ይመላለስበታል፣ ደግሞ ሌላ ያነጥፋሉ። በመጨረሻ ሬንጅ ቀብተው ትኩሱን አስፋልት አለበሱት። አንዱን ሠራተኛ ጠጋ ብዬ ሳናግረው «እህቴ፣ አስፋልት የሚሞተው ከሥሩ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ ከሥር ያለው አፈር ይላላል፣ ከዚያ በኋላ አንድ የተጫነ መኪና ይበቃዋል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ቱቦውን የጠረጉት። ቱቦውን! እኔ ለዚያ ቱቦ ስንት ቢሮ እንደዞርኩ... ተውት።

ብቻ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁንም ደስ ብሎኛል። ማለቴ...

እሺ። ማክሰኞ ጠዋት።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው፤ ተማሪው የሚገባበት ሰዓት። የደብረ ብርሃንን ኅዳር ለእናንተ አልነግርም፣ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ዳቦ ቤቱ ጋ ቆሜ ለመሻገር እጠብቃለሁ። አጠገቤ አንድ እማማ አሉ፤ በነጠላ ላይ ጋቢ ደርበው፣ የልጅ ልጃቸውን ይዘው። የያዙት እጁን አይደለም፣ አንጓውን ነው። አጥብቀው። ልጁ አንደኛ ወይ ሁለተኛ ክፍል ቢሆን ነው።

መኪናው ከአዲስ አበባ በኩል ይመጣል። አንድ እግራቸውን ያወጣሉ፣ ይመልሱታል። ደግሞ ያወጣሉ፣ አይሱዙ ያልፋል፣ ነፋሱ ጋቢያቸውን ያነሳዋል፣ ይመልሱታል። እዚያ ቦታ ላይ ሰው እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። ሐይቁ በነበረ ጊዜ ሲኖውም ዶልፊን የሚባለው ሚኒባስም እዚያ ሲደርስ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይወርድ ነበር፤ የተጫነው ወደ አንደኛ። ልጆቹ በዚያ መሐል ይሻገሩ ነበር። ጭቃ ይረጭባቸዋል፣ ዩኒፎርማቸው ይበላሻል፣ እናቶች ይራገማሉ፣ ግን ይሻገራሉ።

ከዚያ ባጃጁ መጣ። ጥሩንባው የሚያለቅሰው፣ አዎ፣ እሱ ራሱ! (ሳቅ) አሁንም አላሠራውም። አየንና ቆመ። ሙሉ በሙሉ ቆመ። በእጁ «እለፉ» አለን። እማማ «ተባረክ» ሲሉት ሰማሁ። ወጣን። እሳቸውና ልጁ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

ከባጃጁ በስተኋላ ደግሞ ዶልፊን ነበረ። ባጃጁ ለምን እንደቆመ አላየም። ወይም አይቷል፣ አላውቅም። በግራ ወጥቶ ቀደመው።

እኔ እዚህ ጋ ነው የምቀረው። ከማክሰኞ ጀምሮ ሰሃን ሳጥብም፣ ስተኛም እዚህ ጋ እቀራለሁ። ልጁ ከባጃጁ አፍንጫ አለፍ ብሏል፤ ለዶልፊኑ ሹፌር እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ያ ልጅ የለም፣ ባጃጁ ከልሎታል። ለልጁም ዶልፊኑ የለም። እማማ የሰሙት መሰለኝ እንጂ አላዩትም። አንጓውን ሳቡት። ልጁ ወደ ኋላ ዞረ፣ ቦርሳው ከትከሻው ወለቀ፣ ዶልፊኑ አለፈ።

ማንም አልተነካም። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የሆነ ነገር ጮኸ፤ ስድብም ይቅርታም ሊሆን ይችላል፣ አልሰማሁትም። የልጁ ደብተር አስፋልቱ ላይ ወድቋል፣ የጎማው ጥርስ ሽፋኑ ላይ ታትሟል። ልጁ አለቀሰ። ያለቀሰው ለደብተሩ ነው፤ ሌላውን አላወቀውም።

እማማ ደብተሩን አንስተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ሳይቆጡ፣ «የዛሬው ብርድስ በረታ» በሚባልበት ድምፅ፣ «ጉድጓዱ ይሻለን ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

ምንም አላልኩም። ምን ይባላል? «አይ እማማ፣ እንዲህ አይበሉ፣ መንገዱ እኮ ተሠራ» ልበላቸው? ሁሉም ሰው ተሠራ የሚለው ለመኪናው ከተሠራ ነው። ለእሳቸው ምኑ ተሠራላቸው? የድሮው ዜብራ፣ ያ የደበዘዘውም ቢሆን፣ አዲሱ አስፋልት ሥር ገብቷል። አዲስ አልተቀባም።

ይሄን እስካሁን ያልኳችሁን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የምታውቁትን ነው የምነግራችሁ። ግን አንድ ነገር ቁጭ ብዬ አስልቼ ደንግጫለሁ። ሹፌር አደጋ ካየበት ቅጽበት ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ በትንሹ አንድ ሰከንድ ይሄዳል። ንቁ የሆነ ሹፌር ነው፣ ስልክ ያልያዘ፣ እንቅልፍ ያልመጣበት። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ያቺ ሰከንድ 8 ሜትር ናት። በ50 ለሚሄድ ወደ 14 ሜትር። አሁን ልጁ ከፊታችሁ 14 ሜትር ላይ ብቅ ቢል፣ በ30 የመጣው መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ ልጁ ጋ ሳይደርስ ቆሟል። በ50 የመጣው ግን ልጁ ጋ ሲደርስ ገና እግሩን ፍሬኑ ላይ እያሳረፈ ነው። ከፍጥነቱ ምንም አልቀነሰም። ምንም! እኔ ትንሽ ይቀንሳል ብዬ ነበር የማስበው።

እና ይሄ የኔ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የካቲት ላይ የዓለም አገሮች ሚኒስትሮች ስቶክሆልም ተሰብስበው እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 እንዳይበልጥ የሚል መግለጫ አውጥተዋል። ስቶክሆልም የተባለው ዳቦ ቤቱ ጋ እስኪደርስ ግን...

ሹፌሮቹንም ክፉ አድርጌ መሳል አልፈልግም። አጎቴ ሹፌር ነበር፣ ታሪኩን ታውቃላችሁ። ሰውየው በሌሊት ከአዲስ አበባ ተነስቶ 130 ኪሎ ሜትር መጥቷል፣ ከፊቱ ጣርማ በር አለ፣ ዋሻው አለ፣ ጉሙ አለ፣ ከዚያ ቁልቁል ደብረ ሲና። ጉሙ ሳይወርድ ማለፍ ይፈልጋል። ለእሱ የእኛ ከተማ በሁለት ከባድ መንገዶች መሐል ያገኛት ሜዳ ናት፤ እግሩን የሚዘረጋባት። ለእኛ ደግሞ ያው መንገድ ዳቦ የምንገዛበት፣ ልጅ የምንልክበት፣ ለቅሶ የምንሄድበት ነው። አንድ መንገድ ሁለቱንም እንዲሆን ተፈርዶበታል።

የውስጥ ለውስጡ ኮብል እንዲህ አያደርግም፣ አስተውላችኋል? ኮብል ላይ ማንም አይበርም። ድንጋዩ ራሱ ያንገጫግጭሃል፣ ትቀንሳለህ። ጅዳ ያለው ጓደኛችን፣ ኮብል ሲጠርብ የነበረው፣ ሲደውል ሁሌ «ድንጋዮቼ አሉ?» ይለኛል። በድንጋይ ቁጥር ነበር የሚከፈላቸው፣ ያን ጥቁር ድንጋይ በመዶሻ እየፈለጡ፣ ያለ መነጽር። ፍንጣሪው ቅንድቡ ላይ የተወውን ጠባሳ ታውቁታላችሁ። ይሄ ኮብል የሚባል ነገር ከድሬዳዋ ተነስቶ ስንት ከተማ ሲያዳርስ የስንት ልጅ እጅ እንደተላጠ... አሉ እለዋለሁ። ለቧንቧ መስመር ተቆፍሮ ተመልሶ ሳይጠቀጠቅ የተነጠፈው ብቻ ነው የሰመጠው። ኮብል ደግሞ ጥሩነቱ ይሄ ነው፣ ታነሳዋለህ፣ ትመልሰዋለህ፣ በደንብ ከመለስከው ቁስሉ አይታይም። ምን ልል ነበር?

አዎ፣ መኪና የሚያስቀንሰው ጉብታ። ብሬከር።

ለእህቴ ነግሬያት «እና ብሬከር ይሠራ በያቸው» ከማለቷ በፊት ዝም አለች። እሷ ስለ ብሬከር ምን እንደምታስብ ታውቃላችሁ። በምጥ አምቡላንስ ውስጥ ተኝታ ያለፈችበትን ያን የአፈር ክምር እስካሁን አልረሳችውም። እዚያ መንደር ሰው የሞተ ጊዜ ነዋሪው ራሱ አፈርና ድንጋይ ቆልሎ የሠራው ነው። አልፈርድባቸውም። ቀብረው ተመልሰው ነው የሠሩት። ግን ቀለም የለው፣ ምልክት የለው፣ ሌሊት ለማያውቀው ሹፌር ሌላ አደጋ ነው። የሞተር ሳይክሉን ልጅ ታስታውሱታላችሁ... ተውት፣ እሱን ዛሬ አላነሳም።

በደንብ የተሠራ አለ ደግሞ። ከላይ ጠፍጣፋ ሆኖ እግረኛው ራሱ በእሱ ላይ የሚሻገርበት፣ ወጣ ሲልም ወረድ ሲልም ቀስ ያለ፣ አስቀድሞ ምልክት ያለው። አምቡላንስም ቀስ ብሎ ያልፈዋል። አንድ ሰው እንደዚህ ዓይነቱን በዋናው አገር አቋራጭ መንገድ ላይ ማንም አይፈቅድም አለኝ። ወረቀት ይዤ የሄድኩበት ቢሮ ደግሞ «ይሄ የእኛ አይደለም» አሉኝ። የማን እንደሆነ ስጠይቅ ሌላ ቢሮ ነገሩኝ፣ ያኛው ደግሞ መንገዱ ነው እንጂ ማቋረጫው የእኛ አይደለም አለ። መንገዱ የአንዱ፣ በመንገዱ ላይ የሚያልፈው ልጅ የሌላው። ተናድጄ ወጣሁ። አሁንም ሳወራው ልቤ ይመታል።

...

ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. መኪና የተከለከለበትን ያን የመጀመሪያውን እሁድ ታስታውሱታላችሁ? ልጆች አስፋልት መሐል ቁጭ ብለው ሲጫወቱ የሚያሳየው ፎቶ ስልኬ ላይ አለ። ይሄ ሁሉ ቦታ ነበር እንዴ ያልኩት ያን ቀን ነው። ለምን እንዳነሳሁት እንጃ። ማክሰኞ ማታ ፈልጌ አየሁት።

«የዜብራውን ቀለም እኛው አዋጥተን እንቀባ» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ አላችሁ። ሐሳባችሁን ወድጄዋለሁ፣ ከልቤ። ሁለት ነገር ግን ይዞኛል። አንደኛ የመንገድ ቀለም የግድግዳ ቀለም አይደለም፤ ሌሊት በመኪና መብራት እንዲያበራ ደቃቅ የመስታወት ፍሬ የሚነሰነስበት ነው፣ የቤቱን ከቀባን በአንድ ክረምት ይጠፋል። እሱ ይሁን፣ እንደገና እንቀባለን። ሁለተኛው ነው የከበደኝ። ያ ልጅ ዜብራውን ካየ ያምነዋል። ልጅ ነዋ፣ «ነጩ ላይ ተሻገር» ሲባል ነጩ ላይ ይወጣል። የሚመጣውን መኪና ፍጥነት ገና መገመት አይችልም፣ ቁመቱም ከባጃጅ ጀርባ አይታይም። ሹፌሩ የማይቆምበት ቀለም ላይ ልጁን እንዲያምን ማስተማር... ባጃጁም እኮ ቆሞለት ነበር። የቆመለት ሰው ስለነበረ ነው የወጣው።

ወይስ ሰው እናቁም? በየተራ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት፣ አንጸባራቂ ልብስ ለብሶ የሚያስቆም ሰው። ወላጆቹ ይስማማሉ መሰለኝ፣ ሁለቱን አናግሬያለሁ። ትራፊክ ፖሊሱም ደግ ሰው ነው። ግን እስከ መቼ? ደግሞ በመውጫ ሰዓትስ? ደግሞ እዚያ የሚቆመው ሰው ራሱ...

እማማን ረቡዕ ፈለግኋቸው፣ አላየኋቸውም። ሌላ መንገድ ይዘው ሊሆን ይችላል፣ በበሬሳ ወንዝ በኩል የሚያዞረውን። ያ ደግሞ ለልጅ ሩቅ ነው፣ በብርዱ... እንጃ። ሰኞ ትምህርት ቤቱ ጋ ልሄድ ነው፣ ከዚያ ምን እንደሚሉ... በር እየተንኳኳ ነው። ቆይ፣ መጣሁ...