እባብ ከመንከሱ በፊት ይናገራል
(በድሬዳዋ ለሰፈር ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ መምህራን፣ የሰፈሬ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ሙቀት ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ፊት የተቀመጣችሁት ልጆች ዓይናችሁ ከዚህ ጆንያ ላይ አልተነቀለም። እባብ የለበትም። ውስጡ ያለው የውኃ ጎማ ነው። ይህን ያህል ሰው በተሰበሰበበት፣ ይህን ያህል ጩኸት ባለበት አዳራሽ እባብ ይዤ ብመጣ የሚጨነቀው እሱ ነው። ደግሞ እናንተ የምታስታውሱት የተናገርኩትን ሳይሆን መያዜን ብቻ ይሆናል። ነገ ከመካከላችሁ አንዱ እኔን ሊመስል ይሞክራል። ይህን አልፈልግም።

እዚህ ያቆመኝ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ከሥራ ስመለስ ደቻቱ ወንዝ ዳር አምስት ልጆች ተሰብስበው አገኘሁ። አንዱ ስልክ ደግኖ ይቀርፃል። ሌላው ጠርሙሱን ይነቀንቃል። ጠርሙሱ ውስጥ አጭር፣ ወፍራም፣ ብርቱካንማና ቡናማ ዥንጉርጉር እባብ ተጣጥፎ ገብቷል። ትንሹ ልጅ፣ «ጋሼ፣ እየው፣ አይናከስም እኮ!» አለኝ። የድሬ ልጅ አንቱታ አያውቅም፤ እኔም እንደዚያው ነው ያደግኩት። ጠርሙሱን ተቀብዬ ጥላ ሥር ቁጭ አልኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለምን መሰላችሁ? እስክለየው ድረስ ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ቀረብ አድርጌ ሳየው ዓይኑ ትንሽ ነው፤ ወደ አናቱ ወጣ ብሏል። ጭንቅላቱና አንገቱ አይለዩም። ጅራቱ ዶልዶም ያለ ነው። የአሸዋ ዘንዶ ነበር። መርዝ የለውም። አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አይጥና እንሽላሊት የሚጠብቅ ጭምት እንስሳ ነው። ግን እፉኝትም አጭርና ወፍራም ነው። እፉኝትም ዥንጉርጉር ነው። በእኛ ቆላ የሚኖረው፣ ቅርፊቱን ከቅርፊቱ እያፋጨ የሚያንኮሻኩሸው ትንሹ እፉኝትም እንደዚያው። ለማያውቅ ዓይን ሦስቱም አንድ ናቸው። ልጆቹ ያነሡት ከሌሎቹ ሁለት አንዱን ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንሰበሰበው ለሌላ ጉዳይ ነበር።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እዚሁ ድሬ፣ ለገሃር ነው ያደግኩት። ጀርመን ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ተመልሻለሁ። እዚያ የሠራሁት ባለቤቶቻቸው የተዉአቸው እንስሳት በሚጠለሉበት ቤት ነው። ውሻና ድመት ብቻ አልነበረም። እዚያ አገር ሰው እባብ ቤቱ ያሳድጋል። ከአሜሪካ የመጣው ኮርን ስኔክ አለ። ከምዕራብ አፍሪካ የመጣው ቦል ፓይተን አለ። የእኛው የአሸዋ ዘንዶም አለ። አገሬ የሚኖረውን እባብ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ የያዝኩት ጀርመን ውስጥ፣ በመስታወት ቤት ውስጥ ሆኖ ነው። ያን ቀን ትንሽ ሆዴ ባብቶ ነበር።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አንዲት ቦል ፓይተን ነከሰችኝ። ይህን ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ ያወቅኩትን ሁሉ ያወቅኩት ከዚያ ንክሻ ነው።

ጠዋት ለሌሎቹ አይጥ ሳበላ ቆየሁ። እጄን ሳልታጠብ የእሷን ቤት ከፈትኩ። ዓይኗ ላይ ወተት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። እባብ ቆዳውን ሊቀይር ሲል ዓይኑ እንደዚያ ይደፈርሳል፤ በደንብ አያይም። የዓይን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን የሚሸፍነው ቅርፊትም ከቆዳው ጋር ነው የሚቀየረው። ይህን ተምሬ ነበር። አላሰብኩበትም። እጄን ከላይ ወደ ታች ሰደድኩ። አንገቷን ወደ ኋላ ስባ አጠፈች። ሲወጣና ሲገባ የነበረው ምላሷ ቆመ። ጭንቅላቷ ወደ እጄ ዞሮ ደረቀ። ሁሉንም አይቻለሁ። ግን «ዝም አለች፣ ተረጋጋች» ብዬ ተረጎምኩት። ከዚያ ያየሁት ነገር የለም። እጄ ላይ ደም ብቻ አየሁ።

መርዝ የላትም። በውኃና በሳሙና ታጠብኩ፣ በሳምንቱ ዳነልኝ። ያላረፈልኝ ሌላ ነገር ነው። ያቺ እባብ ነግራኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ነግራኛለች። እኔ ግን ቋንቋዋ አልገባኝም።

ስለዚህ ቋንቋውን ልንገራችሁ።

ከምላሱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነው። የእባብ ምላስ አይወጋም። መርዝም የለበትም። የሚያሸትበት ነው። ምላሱን አውጥቶ ከአየሩና ከመሬቱ ሽታ ይለቅማል፤ መልሶ ሲያስገባው ላንቃው ላይ ላለ ልዩ የማሽተቻ አካል ያቀብላል። ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀውም ለዚህ ነው። ሽታው በግራ ይበርታ በቀኝ ይለይበታል። የተረጋጋ እባብ ምላሱን ረጋ ብሎ ያወጣል፣ ወደ ላይ ወደ ታች ያወዛውዛል፣ ይመልሳል። ቶሎ ቶሎ ሲያወጣ አንድ ነገር ቀልቡን ስቦታል ማለት ነው። ምላሱ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ጭንቅላቱም ወደ እናንተ ከደረቀ፣ እጃችሁን ሰብስቡ።

ቀጥሎ አንገት። ጎማውን ተመልከቱ። እንዲህ ዘርጋ ብሎ የተኛ፣ ወይም ለስላሳ ሆኖ የሚሄድ አንገት ሰላም ነው። እንዲህ ወደ ኋላ ተስቦ፣ እንደ ኤስ ፊደል ታጥፎ ሲቆም ግን የተወጠረ ወንጭፍ ነው። የሚወነጨፈው ከዚያ እጥፋት ነው። ትንፋሹን ስቦ ሰውነቱን ሲነፋ፣ ሲያፏጭ፣ ኮብራ ደግሞ አንገቱን ሲዘረጋ፣ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ ራቀኝ።

ቦል ፓይተን ሲፈራ ጭንቅላቱን መሀል ቀብሮ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። ስሙም የመጣው ከዚህ ነው። ሰዎች ያን አይተው «እንዴት ያምራል፣ ተኛ» ብለው ፎቶ ያነሡታል። አልተኛም። ፈርቷል። መልሶ ማስቀመጥና መተው ነው።

«እባብ ባለቤቱን ይወዳል ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። እንደ ውሻ አይደለም። ለማዳ እባብ ማለት ሰውን እንደ አደጋ ማየት የተወ እባብ ማለት ነው። ክንዴ ላይ ላላ ብሎ፣ ምላሱን ረጋ ብሎ እያወጣ ሲሄድ ተቀብሎኛል እላለሁ። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንስሳን አይቶ መረዳት ደግሞ ለእኛ ለምሥራቅ ሰዎች እንግዳ አይደለም። ግመል የሚነዳ ሰው ግመሉ ሲያኮርፍ ያውቃል። ሐረር ጀጎል በር ላይ ማታ ማታ ጅብ የሚያበሉትን አይታችኋል። ሥጋውን ከመዘርጋታቸው በፊት ጅቡን ያያሉ፤ የትኛው ደፋር፣ የትኛው ፈሪ እንደሆነ ይለያሉ። ለእባብ ያልሰጠነው ያንን ዓይን ነው። እባብ ስናይ ድንጋይ እናነሣለን፣ ወይ እንሮጣለን። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባል የለ? እስከ ልጡ ድረስ ስለፈራን እባቡን ራሱን አላየነውም።

አሁን አያያዝ። ከዚህ በኋላ የምናገረው ዝርያው ለታወቀ፣ መርዝ ለሌለው፣ ሰው እጅ ላደገ እባብ ብቻ ነው። ከሜዳ የተገኘ እባብ አይያዝም። ባውቀውም አልይዘውም። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ ቤት ማስቀመጥ በአገራችን ሕግም የተከለከለ ነው። ልጆች፣ ይህን ሰማችሁ?

ውጭ አገር ዘመድ ጋ ሄዳችሁ፣ ወይም የሚያሳድግ ሰው ገጥሟችሁ ልትይዙ ብትሉ መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ። አይጥ አይጥ የሚሸት ጣት ለእሱ ምግብ ነው። ከያዛችሁ በኋላም ታጠቡ፤ እባብ ጤነኛ ሆኖም ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥ የሚያመጣ ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ባይነካው ይሻላል። ከበላ ሁለት ቀን ሳይሞላው አታንሡት፤ የበላውን ሊያስመልሰው ይችላል። ዓይኑ ከደፈረሰም ተዉት።

ከላይ አትምጡበት። ከላይ የሚመጣ ለእባብ ጭልፊት ነው። በጎን በኩል፣ እንዲያያችሁ አድርጋችሁ፣ ረጋ ብላችሁ ቅረቡ። እኛ ጫፉ የታጠፈ ዘንግ ነበረን፤ በእሱ ሰውነቱን ቀስ ብለን እንነካዋለን። «የመጣው ምግብ አይደለም» ማለታችን ነው። ከዚያ ወገቡን በሁለት እጅ ማንሣት ነው። አንዱ እጅ ከፊት ለፊት፣ ሌላው ከኋላ። አትጨብጡት፤ ተሸከሙት። የሚወድቅ ከመሰለው አጥብቆ ይይዛችኋል፤ ያ ክፋት አይደለም። ጭንቅላቱን አትያዙ። ፊታችሁ ጋ አታስጠጉት። ትልቅ ዘንዶ አንገት ላይ አድርጎ ፎቶ መነሣት የሚባለውን ነገር ጨርሶ እርሱት። ሁለት ሜትር ተኩል ከደረሰ ደግሞ ለብቻ አይያዝም።

ነክሶ አልለቅም ቢልስ? አትጎትቱ። ጥርሱ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው፤ ስትጎትቱ የሚቀደደው የእናንተ ሥጋ ነው። ራሱ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱ፣ ይለቃል። ከተጠመጠመም ከጅራቱ ጀምሮ ነው የሚፈታው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። እኛ ሰፈር የሚመጣው እባብ ማንም ያሳደገው አይደለም። ምን ይፈልጋል? አይጥ ነው። አይጡ የሚመጣው ለእህልና ለቆሻሻ ነው። ከግንቡ ሥር የተከመረ ድንጋይ፣ ማገዶ፣ ከበርጫ በኋላ የሚጣል የጫት ገራባ፣ ሁሉም መደበቂያ ነው። ይጠረግ። በሙቀቱ ወራት ግቢ ውስጥ የምንተኛ ብዙ ነን። መሬት ላይ ሳይሆን አልጋ ላይ ተኙ። አጎበሩን ከፍራሹ ሥር ጠቅጥቁት፤ ከትንኝ ብቻ አይደለም የሚያድነው። ጠዋት ጫማችሁን አራግፉ። ማታ ያለ ባትሪ አትውጡ። አብዛኛው እባብ የእግራችሁን ንዝረት ከመሬቱ ሰምቶ ዞር ይላል። እፉኝት ግን አይሸሽም። ቀለሙን ተማምኖ መንገድ ላይ ይተኛል። ከእሱ የሚያድናችሁ ብርሃን ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ መርዝ ጉዳትን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ጎራ መድቦታል። በድርጅቱ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በዚህ ይሞታል። ብዙዎቹ ገጠር የሚኖሩ አራሾች፣ እረኞችና ልጆች ናቸው። የእኛ ዘመዶች ማለት ነው።

ሰው ከተነደፈ፣ እማማ፣ ምላጩ ይቅር። መቅደድ ደም ያፈሳል እንጂ መርዝ አያወጣም። በአፍ መምጠጥ ይቅር። ገመድ አጥብቆ ማሰር እጅና እግር ያሳጣል። ጥቁር ድንጋይ፣ ነጭ ጋዝ፣ በረዶ፣ አንዳቸውም አይረዱም። ቀለበትና አምባሩን ቶሎ አውልቁ፤ ያብጣል። የተነደፈውን እግር ወይም እጅ እንደ ተሰበረ አጥንት ከእንጨት ጋር አስደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ። ሰውየው አይራመድ። ተሸክማችሁ ባጃጅ ላይ ጫኑትና ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱት። እየሄዳችሁ ደውሉ፤ የመርዝ ማርከሻው የት እንዳለ ጠይቁ። እባቡን አታሳድዱ። ሁለተኛ ሰው እንዳይነደፍ። ከሩቅ በስልክ ፎቶ ማንሣት ከተቻለ ለሐኪሙ ይጠቅማል። መርዝ የሚተፋው ኮብራ ዓይን ላይ ከተፋ አትሹት፤ ብዙ ንጹሕ ውኃ ሩብ ሰዓት ያህል ሳታቋርጡ አፍስሱበትና ሐኪም ጋ ሂዱ።

ያን ዕለት ከአምስቱ ልጆች ጋር ሆነን ጠርሙሱን ከቤቶቹ ራቅ አድርገን ወሰድነው። ክዳኑን ከፍቼ አሸዋው ላይ አጋደምኩት፣ ሁላችንም ወደ ኋላ አልን። ብዙ ቆየ። ስልክ የያዘው ልጅ መቅረፁን ትቶ ነበር። ከዚያ ምላሱ ብቅ አለች። አንዴ። ሁለቴ። ረጋ ብላ። ትንሹ ልጅ ጆሮዬ ሥር፣ «አሁን እያሸተተን ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ወጣና ራሱን አሸዋው ውስጥ ቀበረ።

ያ ልጅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ና፣ አንተ ጀምር። ጎማውን ወንበሩ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሌሎቻችሁ ከኋላው ተሰለፉ። እጅህን አሳየኝ። በጎን በኩል፣ ከላይ አይደለም። ቀስ በል። ሁለቱንም እጅ።