ሁለት ስልክ

(በቶሮንቶ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድም እኅቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «ቴክኖሎጂና ማኅበረሰባችን» ይላል። የተሰጠኝ ጊዜ 15 ደቂቃ ነው። እኔ ስለ ቴክኖሎጂ ብዙም አላውቅም። አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁኝ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ የሌሊት ሽፍት የምሠራ ሴት ነኝ። ስለዚህ ርዕሱን ትቼ ስለ አንዲት የቲቤት ሴት ላወራችሁ ነው። ወጡ እንዳይቀዘቅዝ እጠነቀቃለሁ።

እዚህ ቶሮንቶ ፓርክዴል የኖራችሁ የቲቤቶቹን ሰፈር ታውቁታላችሁ። ኩዊን ስትሪት ላይ ሞሞ የሚባለውን በሊጥ የተጠቀለለ ምግባቸውን የሚሸጡት ቤቶች፣ በየበረንዳው የተሰቀሉት ባለ ቀለም ጨርቆች። ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ቲቤቶቹ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም ይሉናል። እኛም አንገት መስበር አይጠፋንም። ግን ከየት መጡ፣ ለምን ወጡ ብለን አንጠይቅም ነበር። እኔማ «ቻይናዎቹ» እላቸው ነበር። ይህን ለዚያች የቲቤት ሴት፣ ለሥራ ባልደረባዬ የነገርኳት ቀን ኮረፈች። ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። ደግ አደረገች።

በማርች 1959 በቲቤት ዋና ከተማ ላሳ ላይ ሕዝቡ በቻይና አገዛዝ ላይ ተነሣ። የሃይማኖት መሪያቸው ዳላይ ላማ ተራራ አቋርጠው ሕንድ ገቡ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተከተላቸው። በ2009 ቲቤቶቹ ራሳቸው ባደረጉት ቆጠራ በስደት ያሉት ወደ 128 ሺህ ነበሩ። ሕንድ፣ ኔፓል፣ ቡታን፣ ስዊዘርላንድ፣ ኒውዮርክ፣ ሚኒሶታ፣ እዚህም እኛው ፎቅ ላይ። እኛ ሆድ ሲብሰን ትኬት ቆርጠን ቦሌ እንወርዳለን። እነሱ ላሳ ልውረድ ቢሉ ማን ያስገባቸዋል?

ወደ ስልኩ ልምጣ። የባልደረባዬ እናት ካም ናቸው፤ ቲቤት ውስጥ። ወንድሟ ደቡብ ሕንድ፣ ባይላኩፔ፣ ሴራ ገዳም መነኩሴ ነው። እሷ ደግሞ እዚህ። ሦስቱን የሚያገናኛቸው ዊቻት የሚባለው የቻይና የመልእክት መተግበሪያ ነበር። ዋትስአፕና ፌስቡክ ቻይና ውስጥ ዝግ ናቸው። ዊቻት ላይ ደግሞ መንግሥት ጆሮውን እንደጣለ ሁሉም ያውቃል። ውጭ ካለ ዘመድ ጋር አወራችሁ ተብለው የታሰሩ አሉ። ስለዚህ ፖለቲካ የለም። የዳላይ ላማ ስም አይነሣም። «በላሽ? በረዶ ጣለ? ከብቶቹ ደህና ናቸው?» ይኸው ነው። እናትየው መጻፍ አይችሉም፤ ድምፃቸውን ቀድተው ይልካሉ።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። ሥራ ቦታችን ምን እንደነበር እዚህ ያላችሁ ነርሶችና ፒኤስደብሊውዎች፣ አረጋውያንን የምትንከባከቡ፣ ታውቁታላችሁ፤ አልመለስበትም።

በዚያው ክረምት ሕንድና ቻይና ድንበር ላይ ተጋጩ። ጁን 29 ቀን 2020 ሕንድ ዊቻትን ጨምሮ 59 የቻይና መተግበሪያዎችን አገደች። መነኩሴው ከእናቱ ተቆረጠ። በዚያ በወረርሽኝ ሰዓት! እዚህ ካናዳ ግን ዊቻት ይሠራል። ባልደረባዬ ምን አደረገች? ለወንድሟ የሚሆን ሁለተኛ ስልክ ገዛች። አሮጌ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብሬክ እንወጣለን። ካም ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ባይላኩፔ ስድስት ተኩል። ሁለቱን ስልኮች ጠረጴዛው ላይ አፍ ለአፍ ትገጥማቸዋለች። ከአንደኛው የእናት ድምፅ ይወጣል፣ ሌላኛው ለወንድሟ ይቀዳል። መነኩሴው ይመልሳል፤ እንደገና ታዞራቸዋለች። ልክ እንደ ድሮ የቴሌ ኦፕሬተር። አንድ ሌሊት እናትየው ሲስቁ ሰማሁ። «ምን አሉ?» አልኳት። «ድምፁ ወፍሯል፣ ገዳሙ ደህና ያበላዋል ማለት ነው» ብለው ነው።

ያን ሰሞን እኛስ? አትረሱትም። ሃጫሉ በተገደለ ማግስት አገር ቤት ኢንተርኔት ጠፋ። ሦስት ሳምንት ያህል። ቫይበር ዝም፣ ቴሌግራም ዝም። በካርድ እደውላለሁ፣ ይቆረጣል። እናቴ ደህና ትሁን አትሁን አላውቅም። ባልደረባዬ ሻይ ይዛ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። «ሌላ መንገድ የለሽም?» አለችኝ። አልነበረኝም። አንድ ክር ብቻ ይዤ ነው ለካ ስኖር የነበረው።

የእነሱ ሰፈር ብዙ ክር ነበረው። በሜይ 2020 ዳላይ ላማ ሕንድ ዳራምሳላ ካለው መኖሪያቸው ሆነው ሁለት ቀን በኢንተርኔት ሲያስተምሩ፣ እዚህ ያሉት አያቶች እንዲያዩ የልጅ ልጆቹ ቀድመው ስልኩን አስተካክለው ሰጡ። ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ «ላካር» የሚሉት ቀን አላቸው። የራሳቸውን ልብስ ይለብሳሉ፣ በራሳቸው ቋንቋ ብቻ ለማውራት ይሞክራሉ። ባልደረባዬ ዘመዶቿን በቪዲዮ ሰብስባ ያንኑ ቀጠለች።

ሐቁን እንናገር ካልን፣ እኛም ሠርተን ነበር። የ2020 ፋሲካን ቤታችን ተዘግተን ስናሳልፍ ያ እናቶች ደውለው አብረው የሚጫወቱበት የእናቶች የስልክ መስመር ተጀመረ። ማታ ማታ 1 ሰዓት። ዘመናዊ ስልክ የሌላቸው በቤት ስልክ ይደውላሉ። «እማማ፣ ድስቱ ይሰማል!» «ይሰማ፣ ሽሮ ነው!» ታስታውሳላችሁ? እየሳቃችሁ ነው፤ ታስታውሳላችሁ።

ከዚያ አዳራሹ ተከፈተ። ኮሚቴው ተሰብስቦ «ኮቪድ አልፏል፣ መስመሩ ይዘጋ» አለ። እኔም ነበርኩ። ደግፌ እጄን አውጥቻለሁ።

አዳራሹ የተከፈተው ለማን ነው? መኪና ላለው! ጉልበቱ ለማያመው! ጃንዋሪ በረዶ ላይ ለሚራመድ! ለመስመሩ በወር የምንከፍለው እኮ የአንድ ክትፎ ዋጋ አይሞላም ነበር። ለድንኳን፣ ለድምፅ ማጉያ፣ ለዘፋኝ አጥተን እናውቃለን? ለእናቶቻችን ስልክ ሲሆን ነው በጀት የሚጎድለን?

ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት ዙር እየሠራሁ አዲስ የገቡ ሴትዮ ክፍል ገባሁ። ሳያቸው እማማ ናቸው። ባለ ድስቷ! ከገቡ አራት ወር ሆኗቸዋል። እኔ ሌላ ፎቅ ነበርኩ፤ ከዚህ አዳራሽ አንድ ሰው አልጠየቃቸውም። እጄን ይዘው ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ልጄ፣ መስመሩ ተበላሸ እንዴ? ማታ ማታ እሞክራለሁ፣ አይነሣም።»

ዘጋነው አላልኳቸውም። «እያሠራነው ነው» አልኩ። ዋሸሁ። ዛሬ የመጣሁት ያን ውሸት እውነት ለማድረግ ነው።

ሌላውን ቶሎ ልበለው። የአባላት ስልክ ቁጥር አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ብቻ አይቀመጥ፤ በወረቀትም ይኑር። የአገር ቤት ዘመዶቻችንንም ሁለት ሦስት መንገድ እናስተምራቸው። ስለ ምርጫ ደግሞ፣ ቲቤቶቹ በኤፕሪል 2021 በዚያ ወረርሽኝ መሐል በየአገሩ ሆነው መሪያቸውን መርጠዋል፤ ከ63 ሺህ በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቷል። እኛ አንድ ሊቀ መንበር ለመምረጥ ስንት ጊዜ እንደተጣላን ዛሬ አላነሣም።

መስመሩ ከመጪው ረቡዕ ማታ 1 ሰዓት ጀምሮ ይከፈታል። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ለማስታወስ አይከብድም። የስድስት ወሩን ከፍያለሁ። የጎደለኝ ሰው ነው፤ በየሳምንቱ ለአሥር አሥር እናቶች ቀድሞ የሚደውል። ጎረምሳ ልጅ ያላችሁ፣ ልጃችሁን ስጡኝ። መዝገቡ ቡናው የሚፈላበት ጠረጴዛ ላይ ነው። እስክርቢቶም አስቀምጫለሁ፤ እባካችሁ ይዛችሁት እንዳትሄዱ።

አመሰግናለሁ።