ድራኩላ ለምን አይቀምስም? ሁለቱን የ1931 አስፈሪ ፊልሞች እንደገና ስናይ

ያሬድ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምናወራው የአሜሪካው ፊልም ኩባንያ ዩኒቨርሳል በ1931 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስላወጣቸው ሁለት ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ነው፤ «ድራኩላ» እና «ፍራንከንስታይን»። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ከዘጠና ዓመት በኋላ ዛሬም ያስፈራሉ ወይ? ቤዛ፣ ከየት እንጀምር?

ቤዛ፦ ከአርማዲሎው።

ያሬድ፦ ከምኑ?

ቤዛ፦ ከአርማዲሎው! ደም መጣጩ ድራኩላ ከሬሳ ሣጥኑ በሚወጣበት ምድር ቤት ውስጥ አንድ አርማዲሎ ይንጎራደዳል። ጀርባው ጥሩር የለበሰ የሚመስል እንስሳ ነው፤ አገሩ አሜሪካ ነው። አውሮፓ፣ ትራንሲልቫኒያ ድረስ ምን ሊሠራ ሄደ?

ያሬድ፦ ቪዛ አግኝቶ ይሆናል።

ቤዛ፦ አየህ፣ ፊልሙን ያየሁት ከአክስቴ ጋር ነው። እኔ እየተረጎምኩላቸው ነበር። እንግዳው ሬንፊልድ በሌሊት ግንቡ ይደርሳል፤ ድራኩላ ሻማ ይዞ ይቀበለዋል። ደረጃው ላይ ትልቅ የሸረሪት ድር ተዘርግቷል። ድራኩላ ድሩን ሳይበጥስ ወዲያ ማዶ ተገኘ! እንግዳው ግን በዱላው እየቀደደ ነው የሚያልፈው። አክስቴ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ይህን ሁሉ ቤት ይዞ የሚጠርግለት ሰው አጣ?»

ያሬድ፦ አልፈሩም ማለት ነው።

ቤዛ፦ ቆይ። ማዕድ ቀርቧል፤ ወይን ይቀዳል። ባለቤቱ ቆሞ ያያል። አክስቴ ያኔ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «ይህ ሰውዬ ለምን አይቀምስም?» «ዝም ብለው ይዩ፣ እትዬ» አልኳቸው። «ጋባዡ ያልቀመሰውን እንግዳ ይጠጣል እንዴ? አንድ ነገር አድርጎበታል!»

ያሬድ፦ እውነታቸውን ነው። ጠጅ አሳላፊ እንኳ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነው የሚቀዳው።

ቤዛ፦ እኮ! ድራኩላም ሲጠየቅ «እኔ በፍጹም አልጠጣም» ይልና ዝም ይላል። ከዚያ ቀስ ብሎ «ወይን» ብሎ ይጨርሰዋል። አክስቴ ሬንፊልድን «ልጄ፣ ሻንጣህን አንሣና ውጣ!» አሉት። ይህን ፊልም ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ያ ማዕድ እንደዚያ አስፈርቶኝ አያውቅም። የቤላ ሉጎሲ ጥበብ እዚያች ዝምታ ውስጥ ናት። ሰውየው ሃንጋሪያዊ ነው፤ ድራኩላን ከ1927 ጀምሮ በብሮድዌይ መድረክ ላይ ተጫውቶታል። የት ላይ መተንፈስ እንዳለበት ያውቃል።

ያሬድ፦ እሺ፣ መጀመሪያው ግሩም ነው። ለንደን ከገቡ በኋላ ግን ፊልሙ ያንቀላፋል። ሳሎን ተቀምጦ ማውራት ብቻ! ሙዚቃ እንኳ የለውም።

ቤዛ፦ ውበቱ እሱ ነው እኮ! መግቢያው ላይ ከቻይኮቭስኪ «ስዋን ሌክ» ትንሽ ይሰማል፤ ሙዚቃ ያለበት ሌላው ቦታ ቲያትር አዳራሹ ነው። ከዚያ ውጭ ጸጥታ ነው። ዛሬ ቫዮሊኑ ሲጮህ «አሁን ሊያስደነግጡኝ ነው» ብለህ ትዘጋጃለህ። እዚያ ግን ማንም አያስጠነቅቅህም።

ያሬድ፦ ማንም አይቀሰቅስህምም።

ቤዛ፦ ክፉ! መጨረሻ ላይ ድራኩላን የሚገድለው እንጨት ደረቱ ውስጥ ሲገባ እንኳ አታየውም፤ የምትሰማው ሲያቃስት ብቻ ነው። ያልታየው ነው የሚያስፈራው። ይልቅ ፍዝ ነው ካልክ የስፓኒሽኛውን እይ። ቀን ቀን የዳይሬክተሩ የቶድ ብራውኒንግ ቡድን በእንግሊዝኛ ይቀርጻል፤ ማታ ሌላ ቡድን፣ ሌሎች ተዋናዮች፣ በዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ያንኑ ታሪክ በስፓኒሽ ይቀርጻሉ። አዘጋጁ ጆርጅ ሜልፎርድ ነበር። ካሜራው ከቀኑ ይልቅ ይንቀሳቀሳል። ግማሽ ሰዓት ገደማም ይረዝማል።

ያሬድ፦ አርማዲሎውም የሌሊት ፈረቃ ገብቶ ነበር?

ቤዛ፦ አትቀልድ!

ያሬድ፦ «ፍራንከንስታይን»ን እንንካው እንጂ፤ ሰዓቱ ሄደ።

ቤዛ፦ እሱማ የዳይሬክተሩ የጄምስ ዌል ነው። ከሬሳ ክፍሎች የተሠራውን ፍጡር ሆኖ የተጫወተውን የቦሪስ ካርሎፍን ፊት የሠራው የሜካፕ ባለሙያው ጃክ ፒርስ ነው፤ ያ ጠፍጣፋ ግንባር፣ ያ የከበደ የዓይን ቆብ። መግቢያው ላይ ፍጡሩን የሚጫወተው ማን እንደሆነ አይጻፍም፤ በስሙ ቦታ የጥያቄ ምልክት ነው የተቀመጠው። እኔ ግን ስለ ሐይቁ ብቻ ነው ማውራት የምፈልገው። ትንሿ ልጅ አበባ ትሰጠዋለች። ውሃው ላይ ይጥላሉ፤ ይንሳፈፋል። ደስ ይለዋል! አበባው ያልቅበታል። ልጅቷን አንሥቶ ይጥላታል። እሷም የምትንሳፈፍ መስሎታል።

ያሬድ፦ ያንን ነው ሳንሱር የቆረጠው።

ቤዛ፦ ቆርጦት ለአሥርተ ዓመታት ሳይታይ ቆየ፤ የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው። በተቆረጠው ቅጂ እጁን ወደ ልጅቷ ይዘረጋል። ቀጥሎ የምናየው አባትየው አስከሬኗን ታቅፎ፣ ሠርግ በሚጨፈርበት ከተማ መሃል ሲያልፍ ነው።

ያሬድ፦ እኔ ያስፈራኝ ያ ቅጂ ነው። በመሃል ምን አደረጋት? ሊሸፍኑት ብለው የባሰ ነገር አሳሰቡን።

ቤዛ፦ ለዚህ ነው ሙሉውን ማየት ያለብህ። ሙሉው ያሳዝናል።

ያሬድ፦ ጥያቄያችን ግን ያስፈራል ወይ ነበር። ደግሞ አንቺው ነሽ ቅድም «ያልታየው ነው የሚያስፈራው» ያልሽው።

ቤዛ፦ ያ ስለ ድራኩላ ነው!

ያሬድ፦ ለእሱ ሲሆን ጥበብ፣ ለዚህኛው ሲሆን ጥፋት?

ቤዛ፦ አዎ! ድራኩላ ክፉ ነው፤ ቢሸፈንም ምንም አይጎድልበትም። ይሄኛው ግን ሳያውቅ ነው ያደረገው። ያንን ስትቆርጥበት ስሙን አጠፋህበት።

ያሬድ፦ ስም እንኳ የለውም እኮ። ፍራንከንስታይን እሱን የሠራው ሰውዬ ስም ነው።

ቤዛ፦ እሺ፣ ግማሹን ሰጥቼሃለሁ። የተቆረጠው ያስፈራል፤ ሙሉው ይበልጣል።

ያሬድ፦ አልተስማማንም ማለት ነው። በሚቀጥለው የ1935ቱን «የፍራንከንስታይን ሙሽራ» እናያለን።

ቤዛ፦ ኤልሳ ላንቸስተር! ደራሲዋን ሜሪ ሼሊንም ሙሽራዋንም እሷ ናት የተጫወተችው። አክስቴ ይመጣሉ፤ ሠርግ ካለበት አይቀሩም።