ብቻውን የወጣው ተማሪ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ፓይለት መሆን የሚፈልግ እጁን ያውጣ ብል ግማሹ አዳራሽ እንደሚያወጣ አውቃለሁ። አውሮፕላን ሲያርፍና ሲነሳ እያያችሁ ነው ያደጋችሁት። እኔ የመጣሁት ግን ስለ ዩኒፎርሙ ለማውራት አይደለም። ለልምምድ ብቻቸውን ወጥተው ስላልተመለሱ ተማሪዎች ነው። የየአገሩን የምርመራ ሪፖርት ስታነቡ ታሪኩ ይመሳሰላል።

ሶሎ በረራ እንዲህ ነው። አስተማሪው ከተማሪው ጋር ሲበር ሰንብቶ፣ አንድ ቀን በሩን ከፍቶ ይወርዳል። «በል፣ ብቻህን ዞረህ ና።» የቀኙ ወንበር ባዶ ሆነ። እንደ ሴስና 172 ያለች ትንሽ አውሮፕላን የአንድ ሰው ክብደት ሲቀልላት ፀባይዋ ይለወጣል። ቶሎ ትነሳለች። ለማረፍ ስትወርድ ደግሞ መሬት አልነካም ትላለች።

አደገኛዋ የመጨረሻዋ መታጠፊያ ናት። ተማሪው ወደ ማኮብኮቢያው ሲታጠፍ ነፋስ ይገፋውና መስመሩን ያልፋል። ከፍታው ቢበዛ 150 ሜትር ገደማ ነው። ለመመለስ አጥብቆ ያጋድላል፤ አፍንጫዋ እንዳይወርድ መሪውን ወደ ራሱ ይስባል። 60 ዲግሪ አጋድላ ከፍታዋን ላለመልቀቅ ስትታገል፣ ላለመውደቅ የሚያስፈልጋት ፍጥነት በ41 በመቶ ይጨምራል። ያ ፍጥነት ከሌለ ስቶል ነው። ሞተሩ እየሠራ ክንፉ መሸከም ያቆማል። በእግር መሪው ከገፋት ደግሞ አንዱ ክንፍ ቀድሞ ይወድቅና ትሽከረከራለች። ከዚያ ከፍታ ላይ ማዳኛ ጊዜ የለም።

እንደ ጅማ ያለ ከፍ ያለ ቦታ ሌላም ወጥመድ አለው። ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ ይደክማል። መሬቱም ከወትሮው ፈጥኖ ሲሮጥ ይታያል። ተማሪው «በጣም ፈጠንኩ» ብሎ ጋዝ ይቀንሳል። ማየት የነበረበት የፍጥነት መለኪያውን ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። መስመሩ ካመለጠህ ተወው። ሙሉ ጋዝ ስጥ፣ ውጣ፣ እንደገና ዞረህ ና። ጎ አራውንድ ይባላል። ታዲያ ለምን አያደርጉትም? ይሉኝታ ነዋ! ጓደኞቹ ከታች ቆመው እያዩት ነው፤ ቪዲዮ የሚቀርጽም አይጠፋም። «አቃተው» እንዳይሉት ይፈራል። ይህ የኔ ግምት ነው፤ ግን ልጆቻችንን አውቃለሁ።

አደጋ ሲደርስ ለቅሶ ቤት «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ለእናት ማጽናኛ ነው፣ አልቃወምም። ውጭ የቆመው ደግሞ «አስተማሪው ነው የገደለው» ይላል። ሁለቱም ለቀጣዩ ተማሪ አይጠቅሙም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አባሪ 13 የምርመራው ብቸኛ ዓላማ አደጋው እንዳይደገም ማድረግ እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ እንዳልሆነ ይደነግጋል። ሥራው ግን አድካሚ ነው። ትንንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ብዙውን ጊዜ ጥቁር ሳጥን የላቸውም፤ መርማሪው ስብርባሪ እየለቀመ፣ የሬዲዮ ቅጂ እየሰማ ነው የሚደርስበት።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ደውሎ «ዛሬ ሁለት ጊዜ ሳላርፍ ተመልሼ ወጣሁ» ቢላችሁ፣ «ምነው ልጄ፣ ምን ነካህ?» አትበሉት። «ጎሽ!» በሉት። የምትጨነቁት ስልኩን ከዘጋችሁ በኋላ ይሁን።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። የሥልጠና ክፍያውን ነገር ግን ለመጨረሻ አቆዩልኝ።