መጥረጊያ ፎቶ ላነሳ ሄጄ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ድምፄ ትንሽ ከጎረነነ ይቅርታ። ቅዳሜ ዕለት ዝናብ ሲደበድበኝ ዋለ። ምን ስትሠሪ ብትሉኝ፣ ሰው ደጅ ላይ የቆመ መጥረጊያ ፎቶ ሳነሳ።

የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ነው። በባቡር ቺፕነም ወረድኩ። ከዚያ ሌኮክ የምትባለው የዊልትሸር መንደር በአውቶቡስ ቅርብ ናት። ባቡሩ መንገድ ላይ ባዝ ይቆማል፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 ጀምሮ በስደት የተቀመጡባት ከተማ። (ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ባለፍኩ ቁጥር በመስኮት አንገቴን አሰግጋለሁ። ምን ላይ እንደሆነ እንጃ።

ሌኮክ ቆንጆ ናት፤ ችግሯም እሱ ነው። ከ1944 ጀምሮ አብዛኛው መንደር በናሽናል ትረስት፣ በቅርስ ጠባቂው ድርጅት እጅ ነው። ጣሪያ ላይ አንቴና አታዩም። ፊልም ሰሪዎች ይመላለሱባታል። ካሜራችሁን ወዴትም ብታዞሩ ፖስትካርድ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ሦስት መቶ ምናምን ፎቶ ይዤ ተመለስኩ። ማታ ቁጭ ብዬ ሳያቸው አንዷም የኔ አትመስልም። መቼም ቱሪስት ሁሉ ያነሳት ፎቶ ናት።

የሚገርመው፣ ፎቶግራፍ ራሱ ዳዴ ካለባቸው ቦታዎች አንዷ ይህች መንደር ናት። ከፎቶግራፍ ጀማሪዎች አንዱ፣ ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት የሚኖረው እዚያው፣ ድሮ የሴቶች ገዳም በነበረ ትልቅ ቤት ውስጥ ነበር። ሰውዬው ሥዕል አይሆንለትም። በ1833 ጣልያን አገር ኮሞ ሐይቅ ዳር ሊስል ሞክሮ አቃተው። እንግዲህ እጄ እምቢ ካለ ብርሃኑ ራሱ ይሳልልኝ ብሎ ተነሳ። ወረቀቱን ጨው ውሃ ውስጥ ይነክራል፣ ብርሃን ሲነካው እንዲጠቁር ሲልቨር ናይትሬት የሚባል ኬሚካል ይቀባዋል፣ ትንንሽ የእንጨት ሳጥን ውስጥ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሚስቱ ኮንስታንስ ሳጥኖቹን «የአይጥ ወጥመድ» አለቻቸው። እኔ ይቺን ሴት ሳላውቃት እወዳታለሁ።

በነሐሴ 1835 አንዱ ወጥመድ የቤቱን መስኮት ያዘ። እስከ ዛሬ ከተረፉት ኔጋቲቮች፣ ማለትም ብርሃኑ ጠቁሮ ጥላው ነጥቶ ከሚታይባቸው ምስሎች ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነው። ቴምብር የምታክል ወረቀት ናት። ያኔ አዲስ ሳለች ሁለት መቶ ያህሉ የመስኮቱ መስታወቶች በማጉያ ይቆጠሩ ነበር።

እኔን የያዘኝ ግን የ1844ቱ ፎቶው ነው። የተከፈተ በር፣ በሩ ጋ የተደገፈ መጥረጊያ፣ ግድግዳው ላይ ፋኖስ። በቃ። ሌላም አለው፤ መሰላል የተደገፈበት የድርቆሽ ክምር። ያ ሁሉ ሀብትና ያ ሁሉ ግቢ እያለው መጥረጊያ! እርግጥ የዚያን ጊዜ ካሜራ ቀርፋፋ ነው፣ የማይንቀሳቀስ ነገር ይፈልጋል። እኔ ግን ሰበቡ እሱ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። በሩን ደጋግሞ ነው ያነሳው። መጥረጊያው የሠራተኛ እጅ ጥሎት የሄደ ይመስላል እንጂ ታስቦበት የቆመ ነው።

እናም ቅዳሜ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ቤተክርስቲያን የለም፣ የጭስ ማውጫ የለም፣ አበባ የለም። ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማ አነሳሁ። የቆሻሻ ገንዳ ከነቁጥሩ አነሳሁ። ሱቅ በር ላይ ታስሮ ጌታውን የሚጠብቅ ውሻም ፊቱን አዞረብኝ እንጂ አነሳሁት። ከዚያ አንድ ደጃፍ ላይ አረንጓዴ የፕላስቲክ መጥረጊያ አየሁ። ተንበረከኩ።

በሩ ተከፈተ። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ናቸው።

«ቤተክርስቲያኑ በዚያ በኩል ነው» አሉኝ።

እንግሊዝ አገር መንገድ ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳት በሕግ አይከለከልም። ግን ሕግ ሌላ፣ ይሉኝታ ሌላ። ፊቴ ጋለ። መጥረጊያውን ነው የማነሳው አልኳቸው። እኔን አዩኝ፣ መጥረጊያውን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩኝ።

«ይሄን? ይሄ እኮ ቆሻሻ ነው» ብለው ሊያስገቡት አነሱት።

እናቴ ትዝ አለችኝ። ፎቶ ልንነሳ ስንሰለፍ ከኋላችን ያለውን ጀሪካን ሮጣ ትደብቅ ነበር። ዛሬ አልበሙን ስገልጥ የምፈልገው ያንን ጀሪካን ነው። ቢጫ ነበር፣ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ። የትም ፎቶ ላይ የለም።

«እማማ ይተዉት» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? «እባክዎ፣ እዚያው ቢሆንልኝ» አልኩ በደፈናው። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ መለሱት። ግን እንደነበረው አይደለም! አራገፉት፣ ግድግዳው ላይ ቀጥ አድርገው አቆሙት፣ እንደ ዘብ።

ሴትዮዋ ከመውጣታቸው በፊት ያነሳሁት ፎቶ ሌንሱ ላይ ጠብታ አርፎበት ደብዝዟል። ያለኝ ሁለተኛው ነው። አረንጓዴ መጥረጊያ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በበሩ ጠርዝ ደግሞ ሦስት ጣቶች ይታያሉ። በሩን ሳይዘጉ እየጠበቁኝ ነበር።